የሚከፈልባቸው የኦንላይን መጠይቆች፦ የአምስት አገልግሎቶች ግምገማ

ቤት ተቀምጦ በኢንተርኔት መጠይቅ እየሞሉ ገንዘብ ማግኘት ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ «ይቻላል» የሚል ነው። ሆኖም ማስታወቂያዎቹ የሚያወሩለት ገቢና በሰዓት ሒሳብ በእርግጥ ተሳታፊው እጅ የሚገባው ገንዘብ እጅግ የተራራቁ ናቸው። በዚህ ግምገማ በስፋት የሚታወቁትን ፕሮሊፊክን፣ ስዋግባክስን፣ ዩጎቭን፣ ጉግል ኦፒኒየን ሪዋርድስንና የአማዞን መካኒካል ተርክን የምመዝነው በአንድ መለኪያ ነው፤ ይኸውም ተሳታፊው ለጥናቱ ብቁ መሆኑና አለመሆኑ እስኪለይ ድረስ የሚጠፋውን ጊዜ የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነው። በገንዘብ ፋንታ የሚሰጠው ነጥብ ስያሜ፣ ነጥቡ የሚለወጥበት የስጦታ ካርድ ዓይነትና የመተግበሪያው ውበት ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቃቅን ጉዳዮች ናቸው።

ለአንድ ሰው አስተያየት ገንዘብ የሚከፈልበትን ምክንያት ሳይረዱ የክፍያውን ማነስ መረዳት ያዳግታል። አዲስ ምርት ለገበያ ሊያቀርብ ያሰበ ኩባንያ፣ የመራጮችን ዝንባሌ ማወቅ የፈለገ መገናኛ ብዙኃን ወይም የሰውን ባሕርይ የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በዕድሜ፣ በጾታ፣ በገቢና በመሳሰሉት ተመጥነው የተመረጡ መልስ ሰጪዎች ያስፈልጉታል። ኩባንያው ሥራውን ለገበያ ጥናት ድርጅት ይሰጣል፤ የጥናት ድርጅቱ በበኩሉ ተሳታፊዎችን ከመዘገበ ድረ ገጽ ወይም እንደ ሲንት ካሉ፣ መልስ ሰጪዎች በጅምላ ከሚቀርቡባቸው የኤሌክትሮኒክ ገበያዎች ይገዛል። ሲንት ዋነኛ ተፎካካሪው የነበረውን ሉሲድን እ.ኤ.አ. በ2021 ጠቅልሎ ከገዛ ወዲህ ይህ የጅምላ ገበያ በጥቂት እጆች ውስጥ ገብቷል። ለመልስ ሰጪው የሚደርሰው በየደረጃው ያለው አገናኝ ድርሻውን ካነሣ በኋላ የተረፈው ነው። ብዙ ድረ ገጾች ከአንድ ምንጭ ስለሚቀዱም በአንደኛው ላይ «ብቁ አይደሉም» ተብሎ የተሰናበተ ሰው ያንኑ መጠይቅ በሌላው ድረ ገጽ ላይ በሌላ ስም ሊያገኘውና እንደገና ሊሰናበትበት ይችላል። በዐሥር ድረ ገጾች መመዝገብ ገቢን ዐሥር እጥፍ ያደርጋል የሚለው የተለመደ ምክር ከዚህ የተነሣ ብዙም አያስኬድም።

ዋናው ችግር ያለው የማጣሪያ ጥያቄ በሚባለው ነገር ላይ ነው። መጠይቁ እንደተከፈተ የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ዕድሜን፣ ሥራን፣ የቤተሰብ ብዛትን፣ የተሽከርካሪ ባለቤትነትንና ሌሎችንም ይጠይቃሉ። መልሶቹ ደንበኛው ከሚፈልገው ዓይነት ሰው ጋር ካልገጠሙ፣ ወይም ለዚያ ዓይነት ሰው የተመደበው ኮታ አስቀድሞ ከሞላ፣ ተሳታፊው በአንዲት የይቅርታ ገጽ ይሰናበታል። ማጣሪያው ራሱ ለጥናቱ ትክክለኛነት አስፈላጊ ነው፤ መኪና ገዝቶ የማያውቅን ሰው ስለ መኪና መድን ምርጫው መጠየቅ ለማንም አይጠቅምም። የሚያስቀይመው ማጣሪያው በተሳታፊው ጊዜ መካሄዱ ነው። ጥናቱን ያዘዘው ወገን የሚከፍለው ተሟልቶ ለተመለሰ መጠይቅ ብቻ ስለሆነ ለተሰናባቹ የሚደርሰው ነገር የለም፤ ቢኖርም ለማጽናኛ ያህል የምትጣል አንድ ሁለት ነጥብ ናት። ማጣሪያውን አሳጥሮ ለመጻፍ ወይም ተሳታፊው ሲመዘገብ የሞላውን መረጃ መልሶ ለመጠቀም የሚያስገድድ ወጪ ስለሌለ ማንም አይጨነቅበትም፤ ሰውየውም ዕድሜውንና የፖስታ ቁጥሩን በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግሞ ሲጽፍ ይውላል።

ጉዳቱ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። 15 ደቂቃ ይወስዳል የተባለ መጠይቅ 1 ዶላር ቢከፍል በወረቀት ላይ በሰዓት 4 ዶላር ይመጣል። ይህን አንድ መጠይቅ እስኪያገኝ ድረስ ተሳታፊው በሦስት ሌሎች መጠይቆች ላይ አምስት አምስት ደቂቃ አጥፍቶ ከተሰናበተ ግን ያንኑ 1 ዶላር ያገኘው በ30 ደቂቃ ነውና የሰዓት ገቢው ወደ 2 ዶላር ይወርዳል። መጠይቁ ከተባለው 15 ደቂቃ አልፎ 20 ከወሰደ ደግሞ፣ ይህም ብርቅ አይደለም፣ ከ2 ዶላር በታች ይሆናል። አዲስ ተመዝጋቢ ከሚሠራቸው ሒሳቦች ሁሉ ጠቃሚው ይህ ይመስለኛል፤ የሚያስፈልገው ሰዓቱን መያዝ ብቻ ሲሆን ተሰናብቶ የወጣባቸውንም ደቂቃዎች መደመር ግን አይርሳ።

የአማዞን መካኒካል ተርክ ታሪክ ይኸው ሒሳብ በሰፊው ሲሠራ ምን እንደሚመስል ያሳያል። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተ የጥቃቅን ሥራዎች ገበያ ሲሆን፣ ምስል ከመለየትና ድምፅ ወደ ጽሑፍ ከመገልበጥ ጎን ለጎን የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጠይቆቻቸውን የሚለጥፉበት ዋና ቦታ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት የ2,676 ሠራተኞችንና የ3.8 ሚሊዮን ሥራዎችን መዝገብ መርምሮ የመካከለኛው ሠራተኛ ገቢ በሰዓት 2 ዶላር ገደማ ብቻ መሆኑን፣ የአሜሪካ ፌዴራላዊ ዝቅተኛ ደመወዝ ከሆነው 7.25 ዶላር በላይ የሚያገኙትም 4 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ቁጥሩን ወደ ታች ከጎተቱት ምክንያቶች ዋናዎቹ ሥራ በመፈለግ የሚያልፈው ጊዜ፣ ውድቅ የተደረጉ ሥራዎችና ተጀምረው ሳይገቡ የቀሩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁሉም ማንም የማይከፍልባቸው ሰዓታት መሆናቸው ነው። በተጨማሪም አሠሪው ሥራውን ከተረከበ በኋላ «አልተቀበልኩም» ካለ ሠራተኛው ገንዘቡን ያጣል፤ የተቀባይነት መዝገቡም ይበላሽበታል፤ መዝገቡ ሲበላሽ ደግሞ የተሻሉት ሥራዎች ይዘጉበታል። መጠይቅ ለመሙላት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህን አገልግሎት አልመክርም።

ፕሮሊፊክን ከሌሎቹ ለይቶ ያወጣው ማጣሪያውን ወደ መግቢያው በር ማምጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በኦክስፎርድ የተመሠረተው ይህ አገልግሎት በዋነኝነት የሚያገለግለው የአካዳሚ ተመራማሪዎችን ነው፤ የቅርብ ጊዜውን ዕድገቱን ተከትሎ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያሠለጥኑ ኩባንያዎችም ደንበኞቹ ሆነዋል። ተሳታፊው ስለ ራሱ የሚጠየቀውን ረጅም ዝርዝር አንድ ጊዜ ይሞላል፤ ተመራማሪው የሚፈልገውን ዓይነት ሰው ከዚያ ዝርዝር ይመርጣል፤ ጥናቱም ለተመረጡት ብቻ ይታያል። ስለዚህ በገጹ ላይ የታየ ጥናት ብዙውን ጊዜ የሚሞላና የሚከፈልበት ጥናት ነው። አገልግሎቱ ተመራማሪዎች በሰዓት ከ8 ዶላር ወይም ከ6 ፓውንድ በታች እንዳይከፍሉ ይከለክላል፤ 12 ዶላር ወይም 9 ፓውንድ እንዲከፍሉም ይመክራል። ክፍያው በነጥብ ተሸፍኖ ሳይሆን በገንዘብ ተጽፎ፣ ከሚጠበቀው ጊዜና ከሰዓት ሒሳቡ ጋር አስቀድሞ ይታያል። ይህ ግልጽነት ብቻውን ከተፎካካሪዎቹ ብዙ ርቀት ያስቀድመዋል።

ጉድለቶቹም ቀላል አይደሉም። ምዝገባው ለሁሉም ክፍት አይደለም፤ በአብዛኛው የሚቀበለው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት አባል በሆኑ አገሮች የሚኖሩ ሰዎችን ሲሆን፣ ከእነሱም ውስጥ ብዙዎቹ በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ይቆያሉ። ከገቡ በኋላም ጥናቶቹ በብዛት በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ናቸው፤ ቦታዎቹም በፍጥነት ስለሚሞሉ ገጹን ከፍቶ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ያገኛል፣ ማታ ማታ ብቻ የሚገባ ሰው ደግሞ ትርፍራፊውን ያገኛል። የሰዓት ክፍያው ጥሩ ሆኖ ሳለ የሰዓቱ ብዛት ውስን ስለሆነ፣ በወር ተደምሮ የሚገኘው ገንዘብ ደመወዝ ሊባል አይችልም። ያም ሆኖ በዚህ ግምገማ ከተካተቱት ሁሉ ጊዜን በተሻለ ዋጋ የሚገዛው ይህ ነው።

ስዋግባክስ ፍጹም የተለየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረውና ፕሮዴጅ በተባለ ኩባንያ ሥር የሚገኘው ይህ ድረ ገጽ መጠይቆችን ከጨዋታ፣ ከግብይት ተመላሽ ገንዘብ፣ ከሙከራ ምዝገባና ከሌሎች ሥራዎች ጋር በአንድ ላይ ያቀርባል። 100 ነጥብ 1 ዶላር ነው፤ ነጥቡ ወደ ስጦታ ካርድ ወይም ፔይፓል በተባለው የኦንላይን ክፍያ አገልግሎት ወደሚላክ ገንዘብ ይለወጣል። መጠይቆቹ በብዛት የሚመጡት ከላይ ከገለጽኳቸው የጅምላ ገበያዎች በመሆኑ ማጣሪያው ሙሉ በሙሉ በተሳታፊው ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ ለተሰናባቹ የምትሰጠው ነጥብም ከቁም ነገር የምትገባ አይደለችም። ለድረ ገጹ የሚመሰከርለት ነገር ክፍያውን በእርግጥ መፈጸሙና ዝቅተኛው የማውጫ መጠን አነስተኛ መሆኑ ነው። ኢንቦክስዶላርስና ማይፖይንትስ የተባሉት ተመሳሳይ ድረ ገጾችም በዚሁ ኩባንያ ሥር ያሉ ስለሆኑ በሦስቱም መመዝገብ አዲስ ነገር ያመጣል ብዬ አልጠብቅም። እኔ እንደማየው የድረ ገጹ እውነተኛ ጥቅም ያለው ተሳታፊው በራሱ ዕቅድ ሊገዛው ባሰበው ዕቃ ላይ በሚገኘው ተመላሽ ገንዘብ እንጂ በመጠይቆቹ ላይ አይደለም፤ ነጥብ ለማግኘት ብሎ ያላሰበውን የሚገዛ ሰው ግን ከፋይ ሆኖ ይገኛል።

ዩጎቭ እ.ኤ.አ. በ2000 በብሪታኒያ የተመሠረተ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ድርጅት ሲሆን፣ ተሳታፊዎቹን ራሱ መዝግቦ ጥናቱንም ራሱ ያካሂዳል። አገናኙና ጥናት አካሂያጁ አንድ አካል በመሆናቸው ሰውን መሃል መንገድ ላይ የማሰናበት ልማድ እምብዛም አይታይበትም፤ ጥያቄዎቹም ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ወቅታዊ ጉዳዮችና ስለ ታዋቂ ምርቶች ስለሆኑ ለመሙላት የሚያሰለቹ አይደሉም። ድክመቱ ዝግታው ነው። በብሪታኒያ ለረጅም ዓመታት 5,000 ነጥብ ሳይሞላ 50 ፓውንዱን ማውጣት አይቻልም ነበር፤ በየጊዜው የሚመጡት መጠይቆች ጥቂት ነጥብ ብቻ ስለሚሰጡም እዚያ ለመድረስ ረጅም ትዕግሥት ያስፈልጋል። የሰጡት መልስ ተደምሮ በዜና ላይ ሲጠቀስ ማየት የሚያስደስተው ሰው ይመዝገብ፤ ገንዘቡን ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን ቶሎ ይሰለቻል።

ጉግል ኦፒኒየን ሪዋርድስ ብዙ አያናግርም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ያለ የስልክ መተግበሪያ ሲሆን፣ ጥቂት ጥያቄዎችን በሴኮንዶች ውስጥ አስሞልቶ ቢበዛ እስከ 1 ዶላር፣ ብዙውን ጊዜ ግን ሳንቲሞችን ይከፍላል። በአንድሮይድ ስልክ የሚገኘው ክፍያ በጉግል ፕሌይ ላይ ብቻ የሚጠፋ ሒሳብ ነው፤ በአይፎን ግን በፔይፓል ይከፈላል። ጊዜ አያባክንም፤ ጉግል ስልኩ የነበረበትን ቦታ እንዲያውቅ መፍቀድ የሚመጡትን መጠይቆች ያበዛል፤ ያ መረጃ በዚያ ዋጋ ይሰጥ ወይ የሚለውን ግን እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ይወስን።

ከክፍያ መጠኑ ቀጥሎ ተሳታፊዎችን የሚያስመርረው ገንዘብ በማውጫው ሰዓት የሚመጣው ምርመራ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድረ ገጽ ነጥብ ሲጠራቀም ዝም ብሎ ቆይቶ፣ ዝቅተኛው የማውጫ መጠን ሞልቶ ክፍያ ስጠይቅ ብቻ የመታወቂያ ፎቶ አምጣ አለኝ፤ ፎቶው ከተላከ በኋላም «ደንብ በመጣሱ» በሚል አንድ መስመር አካውንቱን ዘጋው፤ የትኛው ደንብ እንደሆነ ለጻፍኩት ጥያቄም መልስ አልመጣም። ማንነትን ማረጋገጥ በራሱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መደረግ ያለበት በምዝገባ ጊዜ፣ ሰው ገና ጊዜውን ሳያፈስ ነው። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት ማረጋገጫው መቼ እንደሚጠየቅ፣ ነጥቡ የሚያበቃበት ቀን እንዳለውና ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ አካውንት ምን እንደሚሆን በአገልግሎት ውሉ ላይ ማንበብ ይገባል፤ ዝቅተኛው መጠን እንደሞላም ሳያጠራቅሙ ማውጣት ይሻላል።

ድረ ገጾቹ የሚጠራጠሩበት ምክንያት እንዳላቸውም መካድ አይቻልም። በአንድ ሰው ስም ብዙ አካውንት የሚከፍቱ፣ ያሉበትን ቦታ በሚደብቅ ቪፒኤን በተባለ መሣሪያ ከሌላ አገር እንደገቡ የሚያስመስሉ፣ መልስን በፕሮግራም የሚያስሞሉ ሰዎች በርክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት በሐሰት የተሞሉ መጠይቆችን እንደ እውነተኛ ጥናት ለደንበኞች በመሸጥ 10 ሚሊዮን ዶላር አስከፍለዋል ባላቸው ስምንት ሰዎች ላይ ክስ መመሥረቱን ይፋ አድርጓል። ክሱ የቀረበው በዘርፉ ውስጥ በሚሠሩ ሰዎች ላይ በመሆኑ ብልሽቱ ከተራ ተሳታፊ በላይ እንደሚሄድ ይጠቁማል። በዚህ ሁሉ የተነሣ መጠይቆቹ በወጥመድ ጥያቄ ተሞልተዋል፤ «በዚህ መስመር ላይ አራተኛውን ምረጥ» የሚል ትእዛዝ፣ የሌለን ምርት ታውቀዋለህ ወይ ብሎ መጠየቅ፣ አንዱን ጥያቄ በሌላ አቀራረብ ደግሞ ማምጣት ሁሉም የተለመዱ ናቸው። ከተገመተው ጊዜ እጅግ በፍጥነት የጨረሰ ወይም ሰንጠረዡን በሙሉ በአንድ ዓምድ የሞላ ሰው መልሱ ይጣልበታል። ብቁ ለመሆን ሲባል ስለ ገቢ ወይም ስለ ሥራ መዋሸትም በመጨረሻ አያዋጣም፤ ትናንት የተሰጠው መልስ ተመዝግቦ ከነገው ጋር ይመሳከራልና።

ተሳታፊው ከጊዜው ሌላ የሚሰጠው ነገር የግል መረጃው ነው። ስለ ጤና፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ፖለቲካ አመለካከትና ስለ ገቢ በተለያዩ ቀናት የተሰጡ መልሶች በአንድ አካውንት ሥር ሲሰበሰቡ የተሟላ የሰው ምስል ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ደንብ በወሰኑ ውስጥ ላሉ ሰዎች ስለ ራሳቸው የተያዘውን መረጃ የማየትና የማሰረዝ መብት ይሰጣል፤ ደንቡ በማይሸፍናቸው ቦታዎች ግን ጥበቃው በየአገሩ ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው። የዘርፉ ዓለም አቀፍ ማኅበር የሆነው ኢሶማር አባላቱ የሚገዙበት የሥነ ምግባር ደንብ አለው፤ ለገበያ ጥናት አሠራርም አይሶ 20252 የተባለ ዓለም አቀፍ የጥራት መለኪያ አለ። አንድ ድረ ገጽ እነዚህን ማክበሩን በግልጽ መጻፉ ዋስትና ባይሆንም አለመጻፉ ጥያቄ ያስነሣል። ለመጠይቅ ብቻ የሚያገለግል የተለየ የኢሜይል አድራሻ መክፈት፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርንና የይለፍ ቃልን በመጠይቅ ውስጥ ፈጽሞ አለመስጠት መሠረታዊ ጥንቃቄዎች ናቸው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ የሚመለከተው እውነተኛ አገልግሎቶችን ነው፤ ስማቸውን ተከልለው የሚሠሩት አጭበርባሪዎች ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን «የተግባር ማጭበርበር» ስለሚባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2020 አንድም ጥቆማ እንዳልደረሰው፣ በ2023 ግን 5,000፣ በ2024 የመጀመሪያ አጋማሽ ብቻ ደግሞ 20,000 ያህል ጥቆማዎች እንደደረሱት አስታውቋል። አካሄዱ የታወቀ ነው። በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም ያልተጠበቀ መልእክት ይመጣል፤ ምርት መውደድ፣ ደረጃ መስጠት ወይም አጭር መጠይቅ መሙላት የመሰለ ቀላል ሥራ ይቀርባል፤ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ገንዘብ በእርግጥ ይከፈላል፤ በገጹ ላይ የሚታየው ገቢም በየቀኑ ያድጋል። ቀጥሎ የሚቀጥለውን የሥራ ደረጃ ለመክፈት ወይም የተጠራቀመውን ለማውጣት ተቀማጭ ያስፈልጋል ይባላል፤ የሚላከውም ብዙውን ጊዜ በክሪፕቶ ከረንሲ ነው። በገጹ ላይ ያለው ቁጥር ከመጀመሪያውም ገንዘብ አልነበረም።

በእውነተኛ የጥናት ድርጅትና በዚህ መካከል ያለው ልዩነት በገንዘቡ አቅጣጫ ይታወቃል፤ የጥናት ድርጅት ለመመዝገቢያ፣ ለሥልጠና፣ ለግብር ወይም ክፍያ ለማስለቀቅ ብሎ ከተሳታፊው ገንዘብ አይጠይቅም። «የተሻሉ መጠይቆች ዝርዝር» በክፍያ የሚሸጡ ገጾችም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ የሚሸጡት ዝርዝር በነፃ የሚገኝ ነው። የተጭበረበረ ሰው ገንዘቡን ከላከ በኋላ ደግሞ ሌላ መልእክት ሊደርሰው ይችላል፤ ላኪው ራሱን ጠበቃ ወይም መርማሪ ብሎ አስተዋውቆ፣ የጠፋውን ገንዘብ በጥቂት የቅድሚያ ክፍያ አስመልሳለሁ ይላል። ይህኛውም የተጎጂዎችን ስም ዝርዝር በእጁ ያደረገ ሌላ አጭበርባሪ፣ ወይም ያው የመጀመሪያው ሰው ነው።